ሦስተኛው የጸሎት ርዕስ

በየከተማው ማንም ያላዘዘውን ሥራ ዕድሜ ልኩን የሚሠራ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ከተማ በጓሮው አውሮፕላን የሚገጣጥም ጡረተኛ አለ። ሌላው ከተማ ለተባበሩት መንግሥታት በየወሩ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰዓት ጠጋኝ አለ። እነዚህን ሰዎች ምክር አይመልሳቸውም፣ ሳቅም አያደክማቸውም። የሚደክመው ጎረቤታቸው ነው። ይህን የምለው ከተሞክሮ ነው፤ የወላይታ ሶዶዋ ከእኔ ጋር ግድግዳ ትጋራለች።

ክብርት ሮከር አስካለች ሻንቆ ይባላሉ። አንቱታው ለጽሑፉ ክብር ነው እንጂ እኔ «አስኩ» ነው የምላት፣ እሷም «ቲቸር» ትለኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሮክ ትዘፍናለች። ዳሞታ ተራራ ሥር ከእሷ ሌላ ሴት ሮከር አለች ወይ ብትሏት «እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች። እስካሁን የተከራከራት የለም።

የቀን ሥራዋ ኦቶና አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው። ካርድ እያወጣች የታካሚ ስም ትጠራለች። ለዚሁ ሥራ የተገዛው ድምፅ ማጉያ እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። «ለማ!» ስትል ባጃጅ ተራ የቆሙት ለማዎች ሁሉ «አቤት» ይላሉ። እንዲያውም አንዱ ምንም ሳያመው የተጠራ መስሎት መጥቶ፣ ደም ግፊት ተገኝቶበት፣ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። ዛሬም ባያት ቁጥር ከባጃጁ ወርዶ ነው ሰላም የሚላት።

አልበምሽ መቼ ነው ቢሏት፣ መቼ ነው የምንድርሽ ቢሏት፣ ከዘፈን በፊት ከሚደረገው የድምፅ ሙከራ የተወሰደ መልሷ ለሁሉም አንድ ነው፦ «ገና ሳውንድ ቼክ ላይ ነን!»

አጀማመሯ እንደ ማንኛውም የሰፈራችን ልጅ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው። የመዘምራኑ መሪ መጀመሪያ ፊት አቆማት። ከዚያ ወደ ኋላ ወሰዳት። ከዚያ መስኮቱ ጋ አደረጋት፣ ቀጥሎም መስኮቱ እንዲከፈት አዘዘ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ብቻዋን እንድትዘምር ሰጣት። ያቺ እሑድ መቼም አትረሳኝም። የመጨረሻው «ሃሌሉያ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀና ከውስጡ ሌላ ድምፅ ወጣ። የሚያጓራ፣ የሚቧጥጥ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ነው።

እኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። የጸሎት ቡድን መሪያችን፣ ወንዱንም ሴቱንም «እሱ» የሚሉት እትዬ ብርቄ፣ ብድግ አሉና «ኧረ ይሄ ልጅ መንፈስ ይዞታል!» ብለው ጮኹ። ሦስት ሽማግሌዎች ሮጠው እጅ ጫኑባት። እነሱ «ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!» ይላሉ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ድምፅዋን ይዛለች። ትንፋሿ ሲያልቅ ዝም አለች። ሽማግሌዎቹም «ተመስገን፣ ወጣ» ብለው ላባቸውን ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ «ደህና ነሽ ወይ?» አልኳት። ፊቷ በደስታ በርቷል።

«ሠላሳ ሰከንድ ያዝኩት፣ ቲቸር! እነሱ ውጣ ሲሉ እኔ ገና መግባቴ ነበር!»

እጅ ከጫኑባት ሽማግሌዎች አንዱ አባቷ አቶ ሻንቆ ነበሩ። ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ከአሥር ቃል በላይ በአንድ ቀን የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ልጃቸውን አልተቆጡም፣ አላባረሩም። ግን የእሑድ የጸሎት ርዕስ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየእሑዱ ቆመው እንዲህ ይላሉ፦ «አንደኛ፣ ለሀገራችን ሰላም። ሁለተኛ፣ ለዝናብ። ሦስተኛ፣ ለልጄ ለአስካለች፤ ጌታ ከሮክ እንዲያወጣት።»

ሰባት ዓመት! በዞናችን የእሷን ያህል የተጸለየለት ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሁሉ የሚገርመው ግን እሷም እዚያው መሆኗ ነው። ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጣለች። ሦስተኛው ርዕስ ሲደርስ ከጉባኤው ጋር «አሜን» ትላለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ለጨዋነት ነዋ፣ ቲቸር፤ አባቴ እኮ ነው የለመነው» አለችኝ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታዲያ ልምምድ አለ። ቦታው እንሰቱ መሃል ያለች አንዲት የጓሮ ክፍል ናት። የክፍሏ ጀርባ የእኔ መኝታ ቤት ነው። የባንዱ ሹማምንት ሁለት ናቸው። ጊታሪስቱ ቤኒ ከቦዲቲ በሚኒባስ ጊታሩን ታቅፎ ይመጣል። ከበሮ መቺው ሀብታሙ ደግሞ እንጀራው ሠርግ ነው። እኔ የመጥረጊያ እንጨት አንሥቼ ግድግዳውን እደበድባለሁ፤ እነሱ ለአምስት ደቂቃ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ብሶባቸው ይጀምራሉ። ቀበሌ እከሳለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ዝቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ለእኔ አዝነው ግድግዳውን ሁሉ ድምፅ እንዲውጥ በእንሰት ቅጠል ሸፈኑት። በማግሥቱ አንዲት የሰፈር ፍየል ገብታ በላችው።

የሀብታሙ ነገር ግን ለብቻው ይነገር። ሮክ ይጀምራል፤ አንድ ደቂቃ ሮክ ነው፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እጁ ሳያስበው ወደ ለመደው የወላይታ ምት ይሄዳል። ሕዝቡ ደግሞ ምን ይጠብቃል? ቦዲቲ አንድ የምረቃ ፕሮግራም ላይ አይቻለሁ። ክብርት ሮከር ጥቁር ጃኬት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በትነው፣ ስለ ብቸኝነት እየጮኹ ሳለ እናቶች እልል ብለው ወገባቸውን ይዘው ገቡ። አስኩ ዘፈኑን አቁማ በማይኩ ለመነቻቸው።

«ወገብ ተዉ! እባካችሁ! ጭንቅላት ነው የሚነቀነቀው! ከአንገት በላይ!»

የወላይታን ሰው ከአንገት በላይ ብቻ ጨፍር ማለት! እናቶቹ ለሁለት ደቂቃ በአክብሮት አንገታቸውን ነቀነቁላት፤ ከዚያ ወገባቸው ራሱ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ዘፈን ሮክ እንደሆነ አላለቀም።

በየፕሮግራሙ ፊት ለፊት አንድ ወንበር ታስቀምጣለች። ወረቀት ለጥፋበታለች፤ «የአቶ ሻንቆ» ይላል። አባቷ ዘፈኗን በግድግዳ እንጂ ፊት ለፊት ሰምተው አያውቁም። ወንበሩ ሁልጊዜ የሰው ቦርሳ ተቀምጦበት ነው ፕሮግራሙ የሚያልቀው። «አንድ ቀን ይመጣል» ትላለች፤ ቀልድ የሌለበት ንግግሯ ይሄ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ እዚሁ ሶዶ አዳራሽ ተፈቀደላት። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ የመጀመሪያዋ የራሷ ኮንሰርት። ፖስተር ተለጠፈ። የአባቷን ጥሪ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እሳቸው አንሥተው አነበቡት፣ አጠፉት፣ ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ኮንሰርቱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ካርድ ክፍል ቆማ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ሞከረች፤ ትንፋሽ ብቻ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ «ሁለት ሳምንት ትንፍሽ እንዳትይ፤ ሹክሹክታም ቢሆን ክልክል ነው። ከዚያ እናያለን» አላት። ይመለሳል ብሎ ቃል አልገባም። ያን ቀን ካርድ እያነሣች በምልክት ስትጠራ ታካሚው እስከ እኩለ ቀን ተራውን ሳያውቅ ዋለ። ኮንሰርቱስ ብዬ ስጠይቃት ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ጻፈችልኝ፦ «ገና ሳውንድ ቼክ ላይ ነን።»

እሑድ አቶ ሻንቆ ተነሡ። አንደኛ፣ ሰላም። ሁለተኛ፣ ዝናብ። ሦስተኛው ላይ ቆም አሉ። ወሬው ቀድሟቸው ኖሮ እትዬ ብርቄ ከመቀመጫቸው ተወርውረው ተነሡ።

«ሃሌሉያ! ሰባት ዓመት ለመንን፣ ጌታ ሰማን! ሮኩን ዘጋው!»

ጉባኤው በጭብጨባ ፈነዳ። በክፋት አይደለም፤ ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ሁለቴ አጨብጭቤአለሁ፤ እጄን ይቁረጠው። ዞር ብዬ ሳያት ጫማዋን እያየች ነው። የዚያን ቀን አሜን አላለችም፤ ለጨዋነትም አልሆነላት። አቶ ሻንቆ ሦስተኛውን ርዕስ ሳይሰጡ ተቀመጡ።

ያ ሳምንት ጸጥ ያለ ነበር። እንደ ንጉሥ መተኛት ነበረብኝ፤ አንድ ሌሊት እንኳን በቅጡ አልተኛሁም። የተማሪ ፈተና ሳርም ያንኑ ወረቀት ሁለቴ አርሜ ሁለት የተለያየ ማርክ ሰጠሁ። ኀሙስ ከሰዓት አላስችል ብሎኝ በአጥሩ በር ገባሁ። ጓሮ ክፍሏ ውስጥ አቶ ሻንቆ የሀብታሙ በርጩማ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ያቺ ዳሞታን የምትጠራበት ዘፈን… ‹ዳሞታ ስማኝ፣ ጉሙን ግለጥና›… ከዚያ ምን ነበር የምትለው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ እኔ ጆሮዬን በትራስ ይዤ ነው የኖርኩት።»

ጣታቸው ከበሮውን ቀስ አድርጎ መታ። «‹ጉሙን ግለጥና›…»

«‹እኔም እዚህ አለሁ፣ ከሥርህ ነኝና›» አልኩ። አፌ አመለጠኝ።

ሁለት ሌቦች ተያየን። እሳቸው ቀድመው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ጌታ ሰማን ብለው አጨበጨቡ» አሉ። «እኔ እኮ… እንዲህ ዝም እንድትል አልነበረም የለመንኩት። ቤቱ ባዶ ሆነብኝ፣ መምህር።» ከእሳቸው አፍ እንዲህ ብዙ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌው እንደገና ቆሙ። አንደኛ። ሁለተኛ። «ሦስተኛ፣» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «የልጄ ድምፅ እንዲመለስ።»

እትዬ ብርቄ ግራ ተጋብተው «ለመዝሙር ነው አይደል፣ ሽማግሌ?» አሉ።

«አይደለም። ለሮኩ ነው።» ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። «ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ኮንሰርት አላት። ሰዓት ይከበር ይላል።»

ማን ይጀምር? በመጨረሻ እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘረጉ። «ጌታ ሆይ፣ ሰባት ዓመት የለመንንህን ተወው። ይሄ ልጅ ድምፁን መልስለት። ሮክ ምን እንደሆነ እኛ አናውቅም፤ አንተ ታውቃለህ።» ከሁሉም ጮኾ አሜን ያለው ቀበሌ እከሳለሁ ባዩ ጎረቤት ነው። ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ አስኩ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ያለ ድምፅ፣ እንደታዘዘችው።

ሰኞ ትንሽ ድምፅ መጣ፤ ዝገት የያዘው በር ይመስላል። ረቡዕ በሩ ተከፈተ። «ለሮክማ እንዲያውም ይሄ ይሻላል» አለ ሀብታሙ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ፤ ግማሹ የእኛ ጉባኤ ነው። እኔ አንድ ሰዓት ቀድሜ ሄጄ ሁለተኛው ረድፍ ያዝኩ። ፊቴ ያለችው ወንበር ላይ ወረቀቷ አለች። ስምንት ሰዓት ሲሆን አቶ ሻንቆ በሠርግ ሱፋቸው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደያዙ ገቡ፤ ወረቀቷን ልጠው አጣጠፏትና ተቀመጡ። አስኩ መድረኩ ላይ ሆና አየቻቸው። ማይኩን ያዘች፤ ለአፍታ ያ ድምፅ ዳግም የጠፋ መሰለኝ።

«ሳውንድ ቼክ አልቋል» አለች።

«ዳሞታ ስማኝ»ን ጀመሩ። አንደኛው ደቂቃ ሮክ ነበር። ሁለተኛው ላይ የሀብታሙ እጅ ሄደ፣ ጉባኤያችንም ወገቡን ይዞ ተነሣ። አስኩ ልትቆጣ ዞር አለች፤ አባቷ በእግራቸው ምቱን ሲመቱ አየች። ሳቀችና ለቀቀችው።

መጨረሻው ላይ ያ ድምፅ መጣ፤ ያ የተሰነጠቀው፣ የሚያጓራው። ዓይኗን ጨፍና ያዘችው። እትዬ ብርቄ በልማድ ብድግ ብለው እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ አቶ ሻንቆ ቀሚሳቸውን ያዝ አደረጉ።

«ይቀመጡ፣ እትዬ። ሮኩ እሱ ነው።»

ትንፋሿ እስኪያልቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዘፈኑ አለቀ፤ እስከ ጫፉ አለቀ። ጭብጨባው ሳይነሣ በፊት በነበረችው ጸጥታ ውስጥ፣ ከፊት ወንበር፣ አቶ ሻንቆ ጮኽ ብለው «አሜን» አሉ።

እኔም ተከተልኳቸው።