እሺታው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው

ክቡር ዲር ሰር ሚስታቸውን ለትዳር የጠየቁት መዝገብ ቁጥር በተሰጠው ደብዳቤ ነው እየተባለ ይወራል። ነጭ ውሸት ነው። ደብዳቤው ቁጥር አልነበረውም። ግልባጭ ግን ነበረው፤ ለአባቷ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በአፉ «ወንድሜ፣ እህቴ» ሲላችሁ ይውልና ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ አምባሳደር ሆኖ ቁጭ ይላል።

ዲር ሰር የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ደብዳቤያቸው ሁሉ በ«ዲር ሰር» ስለሚጀምር ስሙን ያወጣላቸው የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ነው። በዚያ ቤት ኢሜይል ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጻፍ የሚል ደንብ አለ፤ ባሕር ማዶ ያሉት ባለቤቶች ማንበብ ቢያምራቸው ተብሎ። እስካሁን አላማራቸውም። ሌላው ሠራተኛ «ኦኬ» እና «ታንክስ» በሚሉ ሁለት ቃላት ዓመቱን ይገፋል። ዲር ሰር ግን እንግሊዝኛን የተማሩት ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አንሥቶ በሚነጋገርበት ዘመን ከታተመ የደብዳቤ መጻፊያ መጽሐፍ ነው። ለእሳቸው «ኦኬ» ብሎ መመለስ በፒጃማ ሠርግ ቤት እንደ መግባት ነው።

እሳቸውንና የንብረት ክፍል ኃላፊዋን የሚለያቸው አንድ የችፑድ ግድግዳ ነው። ስታስነጥስ «ይማርሽ» ይሏታል፤ «ያኑርዎ» ትላቸዋለች። ሲጽፉላት ግን «ዲር ማዳም» ናት።

አንድ ሰኞ ኢሜይል ላከችላቸው። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ሃይ ጋሼ፣ ሐሙስ መጋዘኑን ይይዙልኛል? እማዬ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ታንክስ።» እናቷ ያን ተራ አምስት ወር ጠብቀዋል። መጋዘኑ ደግሞ ተተኪው በጽሑፍ ካልተስማማ ተትቶ አይኬድም።

ዲር ሰር ሲያነቡት ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ «ኦኬ» አይባልም። ሰኞን ሲጽፉ፣ ማክሰኞን ሲሰርዙ ዋሉ። ኮሪደር ላይ ስታገኛቸው ፈገግ ብለው «መልሱ እየተዘጋጀ ነው» አሏት። የላኩት ረቡዕ ከሥራ መውጫ ላይ ነው። ጨዋ ሰው ናቸውና በመጀመሪያው አንቀጽ መልሱ ስለዘገየ ጥልቅ ሐዘናቸውን ገለጹ። በሁለተኛው ለእናቷ ጤና ተመኙ። በሦስተኛው የመጋዘን ኃላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዘረዘሩ። በአራተኛው፣ መንገዱ በወግ ከተነጠፈ በኋላ፣ በሙሉ ደስታ እንደሚይዙላት አረጋገጡ።

እሷ «በጥልቅ ሐዘን» የሚለውን አየችና እምቢ ያሏት መስሏት ዘጋችው። ሹፌሩ መስክ ላይ ነው፤ ሌላ ተተኪ አይገኝም። ሆስፒታል ደውላ ተራውን አሰረዘች።

ሐሙስ ዲር ሰር ከረባት አስረው፣ አንድ ሰዓት ቀድመው መጋዘኑ በር ላይ ደረሱ። ውስጥ ሆና አምፖል ትቆጥራለች።

«ሆስፒታል አልሄድሽም እንዴ እህቴ?»

«ማን ይዞልኝ?»

አትመውና ፈርመውበት የያዙትን ቅጂ ከኪሳቸው አውጥተው አራተኛውን አንቀጽ በጣታቸው አሳዩዋት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። እናቷ አዲስ ተራ እስኪደርሳቸው ሌላ አራት ወር ግድግዳ እየዳበሱ ሊኖሩ ነው።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ችፑዱን አንኳኩተው እሺ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ወረቀቱን ሳይቀበሏት ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ሲያስነጥሳት «ይማርሽ» የሚሉበት አፍ አጡ። የይቅርታ ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ጀመሩ፤ ዘጠኙም ይቅርታው ስለዘገየ ይቅርታ መጠየቂያው ላይ ቆመ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው በሕይወታቸው የመጀመሪያውን አንድ ቃል ላኩ፦ «ሶሪ»። ወዲያው የግድግዳውን ማዶ ትታ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?»

ደህና ነኝ አሉ። አልነበሩም።

አራት ወሩ አልፎ አዲሱ ተራ ሲደርስ ወሬውን በችፑዱ በኩል ሰሙ። ሰኞም፣ ማክሰኞም ኮምፒውተሩ ፊት ተተክለው ኢሜይሏን ጠበቁ። መልሳቸው ተዘጋጅቷል፤ አንድ ቃል ነው። አልጻፈችላቸውም። የጠየቀችው ሹፌሩን ነው፤ እሱም ሳያስጨርሳት «ኦኬ» ብሏታል።

ሐሙስ ሹፌሩ ከመጋዘኑ ውስጥ ጮክ ብሎ ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ የበር ማጠፊያውና የቧንቧ መገጣጠሚያው ተምታቶበታል። ዲር ሰር ማንም ሳይጠራቸው ሄዱለት። ለይተው ሰጡትና ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ። ከመስታወቱ ሥር የእሳቸው ደብዳቤ አለ። በመቀስ ተቆርጧል። ሦስቱ አንቀጾች የሉም፤ የቀረው አራተኛው ብቻ ነው፣ ከነፊርማው።

መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አነበቡት። ሹፌሩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ከንፈሩን እያነቃነቀ ቧንቧ ይቆጥራል።

«መግቢያውም እኮ አይከፋም ነበር» አሉ ዲር ሰር።