ኤሲው ግን ይሠራል

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ መካኒክ ነው፤ እስኪገዛ ድረስ። ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ በር ከፍቶ ይዘጋል፣ “እህ” ይላል። ሌላ አገር ኮፈኖ ከፍተው፣ ዘይት አይተው፣ ጭሱን አሽትተው ይገዛሉ አሉ። ጋምቤላ ላይ ግን በዚያ ፀሐይ ቆሞ ምርመራ የሚያካሂድ ጀግና ከየት ይምጣ?

እኔ በከተማው ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ጨርቄን በየሳምንቱ ወርቅ ቆፋሪዎቹ ወዳሉበት ዲማ ላደርስ፣ ትንሽዬ ጂፕ መሰል የቤት መኪና ፈለግሁ። በዚያ መንገድ መኪና ከቆመ ቆመ ነው፤ ገበያው ያልፋል፣ ባለቤቴ ዘይነባም “ብዬህ ነበር” ትላለች። ሁለተኛው ይከፋል። ስለዚህ መካኒኩን ኦባንግን ይዤ ኒውላንድ ሰፈር ወደ ሻጩ ሄድኩ። ኦባንግ የመኪና ሳል ከሩቅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ነው።

ሻጩ ትሁት ነበሩ። ሞተሩን አስነስተው ጠበቁንና፣ ፀሐይ ላይ አትቁሙ፣ ግቡ፣ መኪናው ውስጥ ሆነን እንነጋገር አሉን። ገባን። ኤሲው ተለቀቀ። እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ደጋውን ለቅቄ ከወረድኩ ወዲህ አግኝቶኝ አያውቅም። ኦባንግ አንድ ጊዜ ኮፈኖውን እናያለን አለ፤ ሦስታችንም ተስማማን፤ አንዳችንም አልተንቀሳቀስንም። መስኮቱን ዘግተን ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርን። ኦባንግ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የሚያዳምጥ መሰለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ሳንቸኩል፣ ተደላድለን ተቀምጠን ነው ያፈሰስነው። ስወርድ ገዝቻለሁ።

በማግስቱ ዘይነባን ላንሸራሽር ወጣሁ። ለጎረቤት ሰላም ልትል መስኮቱን ዝቅ ብታደርግ፣ ከፊት በኩል በሙቀጫ ሲወቀጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ገባ። ማነው የሚወቅጠው አለችኝ። መኪናውን አቁሜ ኦባንግን አስጠራሁ። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር አንጀቴም አረረ፣ የስንት ዓመት ጥሪቴ ነውና። ኦባንግ መጥቶ ኮፈኖውን ከፈተና ቆይቶ አንገቱን ደፋ። “ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርታ። ኢንጂኑ ትልቅ ፕሮብሌም አለው። ቆሞ ይሠራል፤ ዲማ ግን አይደርስም” አለኝ።

ዘይነባ የምትለውን ስጠብቅ፣ ተመልሳ ገብታ መስኮቱን ዘጋችና ሱቁ በር ላይ አቁመው አለችኝ። አቆምኩት። የዲማው መንገድ ቀርቶ አሁን ደንበኞች ወደ እኔ ይመጣሉ። ከነጨርቁ መኪናው ውስጥ እናስገባቸዋለን፣ ኤሲውን እንለቅላቸዋለን፣ ተረጋግተው ዋጋ ይከራከራሉ። እስካሁን ጨርቁን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ያየ አንድም ሰው የለም።