የኮከብ ሆድና የአውቶቡስ ሆድ

ሰው ሲናደድ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ኮከብም ይንቀጠቀጣል ሲሉኝ ግን፣ ኧረ በአላህ፣ እሱን ደግሞ ማን አናደደው?

ወሬውን ያመጣው መምህር ተስፋይ ነው። ፊዚክስ ያስተምራል፤ አሮጌ ማኪናውን የምጠግንለት እኔ ነበርኩ። አስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ሻሂ ይዘን ቁጭ እንዳልን፣ "ሰይድ ሓወይ፣ ፀሐይ እኮ እንደ ደወል ትርገበገባለች" አለኝ። አሁን ደግሞ ሊቃውንቱ ቅርብ ያሉ ኮከቦች እንደሷ ሲርገበገቡ ከብርሃናቸው ለመያዝ እየሞከሩ ነው አለ። ከርግብግቡ የኮከቡን ሆድ ያውቃሉ። ሳይከፍቱት!

ደሜ ፈላ። ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማኪና ሆድ ያወቅኩ እኔ! ነጻነት ሲመጣ ዘመዶቼ ጠቅልለው ወሎ ሲገቡ፣ ይሄ ጆሮ እያለ ምን እሆናለሁ ብዬ አስመራ የቀረሁ እኔ! ታዲያ እነሱ ሊቅ ሲባሉ እኔ ባለፈው ወር ከጋራዥ ተባረርኩ።

ለምን? አልደብቃችሁም። አንድ አውቶቡስ መጣ። ካቻቢቴዬን ደገንኩ። ዱግ፣ ዱግ ይላል። የሞተሩን ዘንግ የሚያቅፈው ብሮንዚና ተበልቷል ብዬ ፈረድኩ። አለቃዬ ኣያ ሃብተ አመኑኝና ሞተሩ ወርዶ ተፈታ። ብሮንዚናው የሙሽራ ቀለበት ይመስላል! ደንግጬ ካቻቢቴዬን ባዶው ሻንሲ ላይ ባደርግ፣ ዱግ፣ ዱግ። ሞተር የሌለው አውቶቡስ! ኣያ ሃብተም ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙ። ወዲያው ጎረቤት፣ በዚያው ሳምንት የተከፈተው ወፍጮ ቤት ለምሳ አቆመ። ዱግ ዱጉም አብሮ ጠፋ።

ኣያ ሃብተ አልጮሁም። ዕቃህን ሰብስብ አሉኝ፤ በቃ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጆሮ በአንድ ወፍጮ ተፈጨ! አሁን በየጋራዡ "የወፍጮው ሰይድ" እያሉ ይስቁብኛል እንጂ የሚቀጥረኝ የለም። ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሊቃውንቱስ ተሳስተው አያውቁም? ብዬ መምህሩ ላይ ጮህኩበት።

ስንቴ! አለኝ። አገኘነው ብለው ካወጁ በኋላ፣ የምድር አየር ወይም የራሳቸው መሣሪያ ንቅጥቃጤ ሆኖ ያርፈዋል።

"እና ተባረሩ?"

"ኣይፋልን" አለ ሻሂውን ፉት ብሎ። "የተሻለ መሣሪያ ተገዛላቸው።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰውዬ ምን ነክቶት ነው? የሚያልቧት አሉ እኮ! እኔን የጎዳኝ ላሜን መሬት ላይ ማሰሬ ነው።