ሁዳዴ የማይጾም እርሾ

እኔ የምለው፣ ሆዳችሁ ውስጥ ስንት ነዋሪ እንዳለ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንኳ ሆዴ ውስጥ ያለሁት እኔው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጥር ላይ ለጉሮሮዬ የወሰድኩት መድኃኒት ሆዴን እንደ ከበሮ ሲነፋው ቤቴል አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ምን አለችኝ መሰላችሁ? መድኃኒቱ ክፉዎቹን ባክቴሪያዎች ሲያባርር ደጎቹንም አብሮ ጠርጓቸዋል፤ እስቲ ቤት የረጋ እርጎ ሞክር፣ አንዳንድ ሰው ይሻለዋል። ደግ ባክቴሪያ? ያውም እኔ ሆድ ውስጥ? ገረመኝ።

እርጎ ደግሞ ቤታችን አይጠፋም። ባለቤቴ ትዕግሥት የምታረጋበት እርሾ ከእናቷ የቀረ ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከጎጃም ይዘውት የመጡት እሳቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ እርጎ ትንሽ ታስቀርና ወተት ትጨምርበታለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስካሁን አለ። እኔም ጠጣሁ፣ ሆዴም ቀስ በቀስ አደብ ገዛ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ እኛ ቤት ወተት ዝር አይልም። እርሾው ግን አዲስ ወተት ካላገኘ አለቀለት። ትዕግሥት እናቷን ሁለተኛ የምትቀብር መሰላት። እኔ ደግሞ አርፌ አልቀመጥ፣ ለመሆኑ ባክቴሪያ ሃይማኖቱ ምንድን ነው ብላት አኮረፈችኝ። በመጨረሻ አጥር ለምንጋራቸው ለእትዬ አስቴር እርሾውን ከነማሰሮው ሰጠናቸው። እትዬ አስቴር ከከፋ መጥተው ቀራንዮ ብዙ ዘመን የኖሩ ጴንጤ ናቸው፤ ሁዳዴን አይጾሙም። የእናትሽን አደራማ እንዴት እምቢ እላለሁ ብለው ማሰሮውን ተቀበሉ።

የፋሲካ ዋዜማ ማሰሮውን ላመጣ ብሄድ እትዬ አስቴር ወደ ጓዳ ጎተቱኝ። ለካ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ እርሾው ሻግቶ ጠብቋቸዋል። ደፍተው፣ ማሰሮውን አጥበው፣ በራሳቸው እርሾ አርግተውበታል። ለትዕግሥት ሊነግሯት አስበው አፋቸው እምቢ አላቸው። ያን ሁሉ ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ቤት ስገባ አፌ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ እትዬ አስቴርን ፍስክ አብረን እንብላ ብለን ጠራናቸው። ትዕግሥት እርጎውን ቀዳች፣ ቀመሰች። ቀጥሎ "የእናቴ እጅ" ብላ እንባዋን ጠረገች። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር።

"እትዬ አስቴር፣ አይቀየሙኝና የእርስዎ እርጎ እኮ እንዲህ አይጣፍጥም" አለቻቸው።

እትዬ አስቴር ብርጭቋቸውን ቀና አድርገው አንዴ ተጎነጩለት።

"እውነትሽን ነው ልጄ" አሉ። "እስቲ ከዚህ ለእኔም ትንሽ እርሾ ስጪኝ።"