ጋሼ ወርቁን የቀደምኩ ዕለት

ሰው ወይ ተቀማጭ ወይ ተቅበጥባጭ ሆኖ ነው የሚፈጠረው ካላችሁ፣ እኔን ከሁለተኛው ወገን መድቡኝ። ስዊድን ውስጥ የምኖርበት ሰፈር፣ ኖርስቦሪ፣ የባቡሩ መነሻ ነው። ባቡሩ በሩን ከፍቶ፣ ቆሞ፣ ሰው ይጠብቃል። እኔ ግን ደረጃውን የምወርደው እየሮጥኩ ነው፤ ገብቼም አልቀመጥም። ባለቤቴ «ቆመህ ስለሄድክ የሚፈጥን መሰለህ?» ትለኛለች። አዎ፣ ይመስለኛል።

የሚገርመው ግን እንዲህ የምንጣደፈው ሰዎች በር ላይ ስንደርስ የሚይዘን አባዜ ነው። አንድ ቀን ፊቲያ ጣቢያ ላይ ሦስት ሐበሾች ሆነን ባቡር ሊያመልጠን ነው ብለን ትንፋሻችን እስኪቆራረጥ ሮጥን። ደረስን። ከዚያ «ይግቡ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «አይደረግም!» ስንባባል በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ በኩል ስዊድኖቹ እያዩን ሄዱ። እናንተም ደርሶባችኋል፤ አትካዱ። ለባቡሩስ ግድ የለም፣ ሌላ ይመጣል። እኔን ግን ይኸው ጠባይ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ ስዊድንን ሥራ አጥነት የመታበት ዘመን። ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ ከውጭ የሚመጡ ባለአራት ጎማ ሞተር ብስክሌቶችን እገጣጥም ነበር። ሥራዬ ቪካሪያት የሚሉት ጊዜያዊ ሥራ ነው። ውሉ በየሦስት ወሩ ይታደሳል፤ ሊታደስ ሲል ደግሞ እንቅልፌ ይሸሻል። እንዲህ አራት ዓመት ኖርኩ። ሁለተኛ ልጃችን ልትወለድ ወር ሲቀራት አለቃዬ ሌናርት አዲስ ሰማያዊ ስፖርት ሞተር አስመጣና ጠራኝ።

«አሁን ከምንሸጣቸው ከቀዩና ከአረንጓዴው የሚሻል ከሆነ አዝዘዋለሁ። ለገዢ ነድቶ የሚያሳይ ቋሚ ሠራተኛም ያስፈልገኛል፤ እሱ አንተ ነህ። ካልተሻለ ግን በወሩ መጨረሻ ውልህ ያበቃል» አለኝ።

ስዊድን እንዲህ ነው፤ ክፉውንም ደጉንም በአንድ ድምፅ ይነግርሃል።

ቆይ፣ ማሽኖቹን ላስተዋውቃችሁ። አረንጓዴው ለመቀመጫ ይመቻል፣ ሞላው ግን ስለሚለሰልስ ኩርባ ላይ አንዱን ጎኑን ያነሣል፤ ነጂው በተቃራኒው ተንጠልጥሎ ካልያዘው ይገለብጠዋል። ጠዋት ፈትነን ጣልነው። ቀዩ ጉልበተኛ ነው። ዳገት አይፈራም፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚስተካከለው የለም፤ ግን ከባድ ስለሆነ ለመዞር ይለመናል። ሰማያዊው ዝቅና ሰፋ ያለ፣ ቀላል ነው። በአውራ ጣትህ ነዳጁን ትንሽ ስትጫነው የኋላ ጎማዎቹ ጠጠሩን ረጭተው ይንሸራተታሉ፤ መሪውን መለስ ስታደርገው ደግሞ ወዲያው ይታዘዛል። ፍሬኑ እንኳን ሲይዝ አያንገጫግጭም። እኔን ነው የመሰለኝ፤ አንድ ቦታ መቆም አይወድም።

የቀረው ከቀዩ ጋር በአሮጌው የጠጠር ማውጫ አምስት ዙር መሽቀዳደም ነው። ቀዩን ማን ይንዳ? ከመጋዘኑ ሰው ሁሉ በክብደት ከእኔ ጋር የሚመጣጠኑትና ሞተር የሚችሉት ጋሼ ወርቁ ብቻ ናቸው። አገር ቤት በወጣትነታቸው የፖሊስ ሞተረኛ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ዕቃ ተረካቢ ናቸው። ይህ ሁሉ ባልከፋ። ግን ባለቤቴን ስጠይቅ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። የሚስቴ አባት እምቢ ብለው ሦስት ጊዜ ሲመልሷቸው፣ አራተኛ የሄዱት እሳቸው ናቸው።

እስቲ አሁን ፍረዱኝ፤ እኚህን ሰው አቧራ አልብሼ ልለፍ?

ሌናርት ሰዓቱን ተጫነ። እኔ ጋሼ እስኪነሡ ጠበቅሁ። በመጀመሪያው ኩርባ ውስጡን ክፍት ተዉልኝ፤ ነዳጅ ቀነስኩ። በቀጥታው መንገድ ወደ ዳር ወጡ፤ እኔም ወደ ዳር ወጣሁ። እሳቸው ሲያዘግሙ እኔ ብሼ አዘገምኩ። ከሥሬ ሰማያዊው ማሽን ይቁነጠነጣል፣ እኔም እቁነጠነጣለሁ። አምስቱን ዙር እንደ ሠርገኛ ጨረስነው።

ሌናርት ሰዓቱን አየና ፊቱ ጠቆረ። «ሰማያዊው ከቀዩ አይሻልም። ለምን አላለፍከውም?»

«ታላቄ ናቸው።»

«ወንድምህ ነው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ?»

አራት ዓመት ስዊድንኛ ስማር «ጋሼ»ን የሚተካ ቃል አላገኘሁበትም። ጋሼ ወርቁ ሄልሜታቸውን አውልቀው እየተቆጡ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ አላልፍም አልክ? ላሳልፍህ ብዬ እኮ ነው የምጎተተው!»

«እርስዎን እንዴት አድርጌ ልቅደም፣ ጋሼ?»

«እንጀራህን በእኔ ሰበብ ልታጣ ነው? የምትወለደውን ልጅ በምን ልታሳድጋት? አሁን ካላለፍከኝ ቤትህ አልደርስም!»

ሌናርት አንድ ጊዜ ብቻ እንድንደግም ፈቀደ።

በዚህኛው ጋሼ የእውነት ነዱ። አራት ዙር ቀጥታው ላይ ጥለውኝ ሄዱ፤ ኩርባው ላይ ደረስኩባቸው። በአምስተኛው ቀዩ እንደ ልማዱ ወደ ውጭ ሲሰፋ፣ ሰማያዊውን ወደ ውስጥ ጨከን ብዬ ጣልኩት። የኋላው ተንሸራተተ፣ መሪውን መለስኩ፣ ያዘልኝ። ቀደምኳቸው። አፍሬ ነበር፤ ግን አልዋሻችሁም፣ ደስታው ከኀፍረቱ በለጠ። ዞር ሳልል ጨረስኩ።

ሌናርት እየሳቀ ይጽፋል። «ደግሞ ቀዩ አልጨረሰም፤ በአምስተኛው ዙር ቆመ!» አለኝ። ደነገጥኩ። ጋሼ ግን ቀዩን እየነዱ በጤናቸው መጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ጠየቅኳቸው።

«ምን ሆኖ ቆመብዎት?»

«እሱ ምን ይሆናል? እኔ ነኝ ያቆምኩት። ስታልፈኝ ሳይህ ጊዜ አጨበጨብኩልህ። አንተ ግን ዞር ብለህ እንኳ አላየህም።» ወደ መስኮቱ ፊታቸውን አዞሩ። «አንድ እጅ ነዳጅ ላይ ይዞ አይጨበጨብም እኮ።»

ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

ሰኞ ቋሚ ሆኜ ፈረምኩ። የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ቀዩን ፈትቶ ለምን እንደቆመ ማጣራት ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ቡሎን በቡሎን ፈታሁት፤ ምንም የለበትም። ጋሼ ወርቁ በአጠገቤ ሲያልፉ የምሞላውን የምርመራ ቅጽ አሳየኋቸው።

«ምክንያት የሚል ቦታ አለው፣ ጋሼ። ነጂው ደስ ብሎት ነው ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፍ እንጂ፣ ማን ያምንሃል።»

ጻፍኩ። ሌናርት አነበበው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ በእርሳስ ሰረዘውና «ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ ፈረመበት።