ወተቱና አቧራው የት ይገናኛሉ?

«እማ፣ ወተቱና አቧራው የት ላይ ነው የሚገናኙት?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ ሕሊና። አምስተኛ ክፍል ናት። የሳይንስ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሰው ደረት ሥዕል እየቀባች ነበር፤ ሳንባውን ሮዝ፣ ጨጓራውን ብጫ አድርጋዋለች። በእርሳሷ ጫፍ ሁለት መንገድ አሳየችኝ። «ምግብ በዚህ ይወርዳል፣ አየር በዚህ ይገባል። አባባ ወተት የሚጠጣው አቧራው እንዲታጠብለት ነው ብለሽኛል። ወተቱ ወደዚህ ከሄደ፣ አቧራው ወደዚያ ከሄደ፣ ታዲያ የት ይገናኛሉ?»

እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት። በአንድ ክፍል ስለምበልጣት «ዝም ብለሽ ቀለምሽን ቅቢ» አልኋት።

ትልቅ ሰው መልስ ሲያጣ ልጅን ዝም ማሰኘት የቆየ ደንባችን ነው፤ እናንተም ቤት አይጠፋም። ጥያቄው ግን ዝም አላለም። ሽንኩርት ስከትፍ አብሮኝ ነበር፤ ውዳሴ ማርያም ስደግም ሳይቀር፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ በመካከል ገብቶ «የት?» ይለኛል።

እስቲ ልብ በሉ፤ በአገራችን ወተት ያልተጫነበት ሥራ አለ? ቀለም ቀቢው ራሱን ሲያዞረው ወተት ጠጣ ይባላል። በያጁ ዓይኑ ደም ሲመስል ወተት። ሲሚንቶ ሲያወርድ የዋለውም፣ በርበሬ ሲያስፈጭ የዋለውም ወተት። ጓንት ያልገዛ አለቃ ወተት ይገዛል፤ ጭምብል ያልገዛም ወተት ይገዛል። ላሚቱ የተሸከመችውን ኃላፊነት ብታውቅ ደመወዝ በጠየቀች ነበር።

ባለቤቴ አበጀ የጣራ ሠራተኛ ነው። ዘንድሮ ከጣና ዳር አንድ አሮጌ መጋዘን ጣራው ሊለወጥ ነው ተብሎ ከሰባት ስምንት ሰዎች ጋር ተቀጠረ። ጣራው ቆርቆሮ አይደለም፤ ኤተርኒት ነው፤ ያ ግራጫው፣ ወፍራሙ፣ እንደ ማዕበል ተነሥቶ የሚወርደው የድሮ ክዳን። ብሎኑ ዝጎ አልፈታ ስለሚል ሠራተኞቹ በመዶሻ እየሰበሩ ወደ ታች ይወረውሩታል። ሲወድቅ ይደቅቃል፤ ሲደቅቅ ይቦናል። አበጀ ማታ ሲመጣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ነው፤ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። እኔም ደጃፍ ላይ ቱታውን ተቀብዬ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጧ! ጧ! አድርጌ አራግፍለታለሁ። በእኛ ሰፈር አቧራ ለብሶ የመጣ ባል ሥራ የዋለ ባል ነው፤ ጎረቤት ትይልኝ ብዬም ጠንከር አድርጌ አራግፋለሁ። ሕሊና እግሬ ሥር ደብተሯን ይዛ ተቀምጣ ነው ይህ ሁሉ።

ፎርማኑ አቶ ይታየው ይባላሉ። ክፉ ሰው አይመስሉም። ጠዋት ጠዋት ከመሸንቲ ገጠር የሚመጣ ወተት ለእያንዳንዱ ሰው በብርጭቆ ያስቀዳሉ። «ጠጡና ውጡ፤ ጉሮሯችሁን ያጥበዋል» ይላሉ። ቁርስና ምሳ ላደርስ ስሄድ አንድ ነገር አይ ነበር፤ እሳቸው ወንበራቸውን ከቦታ ቦታ ያዛውራሉ። ጠዋት በአጥሩ በኩል፣ ከሰዓት በሐይቁ በኩል። ጥላ እየተከተሉ ነው ብዬ «አይ የፎርማን ነገር፣ ፀሐይ እንኳ አይንካኝ ማለት» እያልሁ በሆዴ እስቅ ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

አሁን ምን ይደረግ? ወተት ቀረ። ሰዎቹም ያለ ወተት ጣራ ላይ አንወጣም አሉ። አቶ ይታየው አንድ ቀን አሰቡና በማግሥቱ በባልዲ ተልባ አስበጥብጠው መጡ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ደሴ የሚባለው ተረበኛ፣ «ጋሼ፣ እኛስ ጾመኞች ነን፤ አቧራውም በጾም ተልባ እንደሚታጠብ ተነግሮታል?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ስቀው፣ ጠጥተው፣ ወጡ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እኔ ግን አልሳቅሁም። አበጀ ይስል ጀምሯል። ተልባ እንደ ወተት ካልሆነስ ብዬ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ፤ ባሌ በጾም ወተት እንዲጠጣ ፈቃድ ልጠይቅለት።

«ታሟል ወይ ልጄ?» አሉኝ።

«አልታመመም አባቴ። እንዳይታመም ነው።»

«ለታመመ ተፈቅዷል። መድኃኒት ነው ካልሽም መልካም። ማን ሐኪም አዘዘለት?»

«ፎርማኑ።»

መስቀላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «ፎርማን መቼ ነው ሐኪም የሆነ? ሂጂና ሐኪም ጠይቂ። እውነት መድኃኒት ከሆነ ከነጀሪካኑ ይጠጣ፤ እኔ እፈታዋለሁ። ካልሆነ ግን ጾም አስፈትተሽ ሳንባም አታድኝ።»

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ሲስተሯ ወጣት ናት፤ በትዕግሥት ሰማችኝ። ኤተርኒት ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የድሮው ኤተርኒት ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል እንደ ክር የቀጠነ የድንጋይ ጭረት አለ አለችኝ። ሳይነኩት ጣራ ላይ እስካለ ብዙም አያስቸግርም፤ ሲሰበር ግን ጭረቱ ይበናል፣ ዓይን አያየውም፣ ሳንባ ውስጥ ይሰካል፣ አይወጣም። ዛሬ አያሳምም፤ ብዙ ዓመት አድብቶ፣ ሰውየው ሥራውንም ረስቶ ልጁን ድሮ ሲያበቃ ይነሣል፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ካንሰርም። «ወተትም፣ ተልባም፣ ምንም አያጥበውም» አለች። «መከላከያው እንዳይቦን ማድረግ ነው። በውኃ እያረጠቡ፣ ብሎኑን ፈትተው ወይም ቆርጠው፣ ሳይሰብሩ በሙሉው ማውረድ። ነጠላና ተራ ጭምብል አይበቃም፤ ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያ ያለው አለ። ስባሪው እርጥብ እንዳለ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል እንጂ ለአጥርና ለዶሮ ቤት አይወሰድም። ልብሱም እዚያው ይቀራል።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልብሱን ማነው የሚያጥበው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

«መጀመሪያ... ደጃፍ ላይ አራግፌ...»

  ደጃፌ ታየኝ፤ ሕሊናም ከነሮዝ ቀለሟ ታየችኝ።

እኔ ታጋሽ ነኝ፤ ሰፈሩ ምስክሬ ነው። ዕድር ላይ ሴቶች ሲጣሉ እኔን ነው የሚጠሩ። ያን ቀን ግን ከጤና ጣቢያው ወጥቼ በመንገድ ዳር ዘንባባ ጥላ ሥር ስቆም ትዕግሥቴ አለቀ። ምን እንዳናደደኝ ልንገራችሁ? ድንጋዩ አይደለም፤ ድንጋይ ምን ያውቃል። ውኃው ነው ያናደደኝ! መድኃኒቱ ውኃ ነው አሉኝ፣ መጋዘኑ ያለው ደግሞ ጣና ዳር ነው። ለስንት አገር የሚበቃ ውኃ ተንጣልሎ፣ ዓባይ ከዚያው ወጥቶ እየሄደ፣ እነዚያ ሰዎች ደረቅ ኤተርኒት ይሰብራሉ፤ አንድ የውኃ ጎማና አንድ ፓምፕ ጠፍቶ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ይኸውላችሁ፣ ባሌ ኖሯል።

እዚያው ጥላ ሥር እንደ ቆምሁ ነፋሱ ከሐይቁ መጥቶ ነጠላዬን ወደ ከተማው አነሣው። ያኔ የአቶ ይታየው ወንበር ትዝ አለኝ። ጠዋት በአጥሩ በኩል፣ ከሰዓት በሐይቁ በኩል። ጥላ አልነበረም የሚከተሉት። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ነበር የሚቀመጡት፤ ሁልጊዜ።

ማታ ለአበጀ ሁሉን ነገርሁት። ቱታውን ከውጭ አስወልቄ፣ ሳላራግፍ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ደጃፉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ነው የነገርሁት።

«የሕሊና እናት፣ አፈር ነን፤ አፈር ምን ያደርገናል?» አለ እየሳለ።

«እግዚአብሔር ወደ አፈር ትመለሳለህ አለ እንጂ ፎርማኑ ሲፈልግ ትመለሳለህ አላለም።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «እኔ ካልወጣሁ ሌላ ይወጣል። ግማሹ ጣራ ይቀራል። ነገ ካልሄድሁ ሥራው የለም።»

«ሌላውም ሚስት አለችው። እሷም ታራግፋለች።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም አልደገምሁም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ የደከመው ባል ደግሞ ይብሳል።

በማግሥቱ ጠዋት አበጀ ከቤት እንደ ወጣ በሶ ከጣሳው ዘግኜ በጥቁር ፌስታል አሠርሁ፤ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልሁት። ሠራተኞቹ መሰላሉ ሥር ተልባቸውን ይጠጣሉ። አቶ ይታየው በአጥሩ በኩል ወንበራቸው ላይ ናቸው። አንድ ብርጭቆ ተልባ ከባልዲው ቀዳሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«ምነው እትዬ፣ በደኅና?» አሉኝ ተቀብለው።

«አቶ ይታየው፣ ልጄ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ አቅቶኝ ነው። ተልባው በሆድ ይገባል፣ አቧራው በሳንባ ይገባል። የት ነው የሚገናኙት?»

«ኧ?»

«ባለቤቴ ማታ ማታ ከዚህ ምን ተሸክሞልኝ እንደሚመጣ ያውቃሉ?» አልሁና ፌስታሉን ፊታቸው አቅርቤ ቋጠሮውን መፍታት ጀመርሁ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው እሱ ነው አላልሁም። ጾም ነው፤ አልዋሽም። «ተልባውን ፉት ይበሉና ይህን ላራግፍብዎት። ያጥበው የለ?»

ብርጭቆው ወደቀ። ወንበሩም ወደቀ። አቶ ይታየው በኮታቸው ጫፍ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ወደ ኋላ እየተንደረደሩ «አትፍቺው! አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ሳንባ የሚበላ ነገር ነው!» ብለው ጮኹ።

  አንድ እግሩ መሰላሉ ላይ የነበረው አበጀ ቀስ ብሎ እግሩን አወረደ።

«ጋሼ፣ ሌላ ተልባ ልቅዳልዎ?» አለ ደሴ። ዛሬ ግን ማንም አልሳቀም።

ቋጠሮውን ፈታሁ። የተቆላ ገብስ ሽታ ወጣ። «በሶ ነው» አልኋቸው። «እርስዎ ምን መሰለዎ?»

አቶ ይታየው ኮታቸውን ከፊታቸው አላወረዱም። ባለቤቴ፣ ያ «ሌላ ይወጣል» ሲለኝ ያደረው፣ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ውኃ ይሳብ፤ ጭምብሉም ልብሱም ይምጣ። ያኔ እንወጣለን» አለ። ደሴም መዶሻውን ከጎኑ አጋደመ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው።

ኮንትራክተሩ ተስማምቶ ይሆን፣ ወይስ ከነገ ወዲያ ሌሎች ሰዎች ያመጣ ይሆን፣ በዚያች ሰዓት የማውቀው አልነበረም። የወደቀውን ወንበር አነሣሁ፤ አቧራውን አላራገፍሁለትም። ወስጄ ከጣራው ሥር፣ ስባሪው ከሚወርድበት ላይ፣ በደንብ አመቻችቼ አስቀመጥሁላቸውና በሶዬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።