የተራቡ ወገኖች ጉዳይ ኮሚቴ

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በስብሰባ እንደሚጀመሩ አቶ ጌጡ ጠንቅቀው ያውቃሉ። እዚህ ዓረብ አገር በሥራ ቀን የካፊላቸው፣ ማለትም የአሠሪያቸው፣ ቤተሰብ ሾፌር ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ግን የማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ማኅበሩ የሚጸልየው መላዝ ሰፈር፣ በወይዘሮ መስከረም ሳሎን፣ መጋረጃ ተጋርዶ ነው፤ መዝሙሩም ጎረቤት እንዳይሰማ በለሆሳስ ይዘመራል።

አንድ ዓርብ ከጸሎት በኋላ፣ ሆስፒታል በጽዳት የምትሠራው ሄርሜላ ተነሥታ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ ተጀምሮ በቀረ ሕንፃ የሚያድሩ የአገር ልጆች እንዳሉ ተናገረች። የግንባታው ሥራ ቆሞባቸዋል፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላቸውም ሌላ ሥራ ፍለጋ ደጅ መውጣት ፈርተዋል። ሰማው የሚባለው ልጅ ውኃ ሊቀዳ ሲል ተዝለፍልፎ ወድቋል።

«ይሄ ምስር ወጥ ተርፏል፤ አሁኑኑ ብንወስድላቸውስ?» አለች።

አቶ ጌጡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የምራቸውን ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እህቴ፣ ረሀብ በዘፈቀደ የሚነካ ጉዳይ አይደለም፤ መዋቅር ይፈልጋል» አሉ።

መዋቅሩም ተዘረጋ። የተራቡ ወገኖች ጉዳይ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ፤ ሄርሜላ ሐሳቡን በማመንጨቷ ምግብ የማብሰሉ ኃላፊነት በክብር ተሰጣት። ኮሚቴው በየዓርቡ እየተሰበሰበ፣ «የተራበ» እና «ምግብ ያልበላ» ሰው ልዩነታቸው ምን እንደሆነ በጥልቀት መረመረ። ለተራቡት የበሰለው ምግብ እንዳይበላሽም አባላቱ ራሳቸውን መሥዋዕት አድርገው በሉት። ወይዘሮ መስከረም አንድ ቀን፣ «ለነገ ብናስቀምጥላቸውስ?» ብለው ነበር፤ ያደረ ወጥ ለወገን ማቅረብ ክብር ይነካል ተብሎ ሐሳባቸው ውድቅ ሆነ።

በመጨረሻ ማዕድ የማጋራቱ መርሐ ግብር ቀን ደረሰ። አቶ ጌጡ ድስቱንም ሄርሜላንም በካፊላቸው መኪና ጭነው መንሱራ ገቡ።

ልጆቹ ጣሪያ በሌለው ክፍል ብሎኬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰማው ግድግዳ ተደግፏል። ሄርሜላ ድስቱን ልታወርድ ስትል አቶ ጌጡ አገዷት፤ የወጡ ሽታ የመልእክቱን ክብደት ይሻማል። ድስቱ መኪናው ውስጥ ቀረና እሳቸው ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስላለፋቸው ፈተናዎችና ስለ ወደፊት ራእዩ ተናገሩ።

ከወሎ የመጣው ኸይረዲን ሰምቶ ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ልጅ ትንሽ ቢቀምስ?» አለ።

«ወንድሜ፣ ወደዚያው እየመጣሁ ነው።»

ስልካቸው ጠራ። የካፊሉ ሚስት፣ ማዳም ናት። ልጆቿ ገበያ መሄድ ፈልገዋል፤ ያላ፣ ቶሎ። አቶ ጌጡ ታዳሚዎቹን በትዕግሥት ስላዳመጡ አመስግነው፣ ሮጠው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። ድስቱም አብሯቸው ሄደ።

ሄርሜላ የምትገባበት ጠፋት። ኸይረዲን ከጥግ ደረቅ ዳቦ አነሣ፤ ግማሹን ለሰማው ሰጥቶ ከቀረው ለእሷ ቆረሰላት።

«ብዪ እንጂ እህቴ፣ ከሥራ ነው የመጣሽው።»

እምቢ ማለት አልሆነላትም። ተቀብላ በላች።

በቀጣዩ ዓርብ አቶ ጌጡ ሪፖርት አቀረቡ። «መርሐ ግብሩ በስኬት ተጠናቋል። ወገኖቻችን ጠቃሚ ትምህርት ቀስመዋል፤ ምግቡም ያለ አንዳች ጉድለት በሰላም ተመልሷል።»

ጭብጨባው ሳያበቃ ወይዘሮ መስከረም ከማድቤት ወጡ። «የዛሬው ወጥ ከነድስቱ የለም» አሉ። «ሄርሜላም የለችም። እኛ ስንጸልይ ይዛው ወጥታለች መሰለኝ።»

አቶ ጌጡ ደወሉላት።

«የት ነሽ?»

«መንሱራ። ኸላስ፣ አልቋል፤ በልተዋል። ለሰማው ደግሞ ተጨምሮለታል።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ርቧቸው ነበር እኮ፣ ጋሽ ጌጡ።»

አቶ ጌጡ ስልኩን ዘጉ። ከልባቸው አዘኑ፤ ያን ሁሉ የተደከመበት ጥናት አንዲት ሴት በታክሲ ገደል ከተተችው። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ክሱም፣ ያለ ኮሚቴው ዕውቅና ወገንን ማጥገብ የሚል ነበር። ጸሐፊው ነገሩ ከሥር መሠረቱ እንዲመረመር ሐሳብ አቀረበ። ሌላው ደገፈው። ሦስተኛው ወደ ማድቤቱ በር አየት አደረገ። የሊቀ መንበሩ ሆድ ሁሉም እስኪሰማ ጮኸ።

አቶ ጌጡ ብድግ አሉ።

«ተዉት እባካችሁ» አሉ ጫማቸውን እየፈለጉ፤ «ሰው እየራበው ምን ስብሰባ አለ?»